ጽዋ ይዤ ዝም ያልኩ ቀን

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቀይ ሽብሩ ጋብ ብሏል፤ ፍርሃቱ ግን ገና ከሰው ፊት አልተነሣም ነበር። ብዙ ዘመን አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዤ መንገድ ስሄድ ከኋላዬ «ቁሚ!» የሚል ድምፅ የምሰማ ይመስለኛል። ያ ቀን እንዲህ አስደንብሮኝ ቀረ። ከተቀመጥኩበት ያስነሣኝም እሱው ነው፤ ስለዚህ ልጽፈው ወደድኩ።

አገሬ ጋይንት ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት በታይፒስትነት ተቀጥሬ ነው። መሥሪያ ቤቴ ሃያ ሁለት ማዞሪያ አካባቢ፣ ቤቴ ደግሞ ቦሌ ሚካኤል ነበር፤ አንዲት የቀበሌ ክፍል። ዘመድ የለኝም። የዚያን ጊዜ ከበጌምድር መጣሁ ማለት ራሱ ያስጠይቅ ነበርና አገሬን የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስለኛል። ማተቤን በኮሌታዬ እሸፍናለሁ። ቤተ ክርስቲያን የምስመው ሰው ሳይበዛ፣ ማልጄ ነው። ከዚያ ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት። በሩን ሁለቴ ቆልፌ እራቴን በልቼ እተኛለሁ። ዓመቱ በዚህ ያልቃል፤ የሚቀጥለውም እንዲሁ።

ቢሮም ያው ነበርኩ። በውይይት ክበቡ ከምሰሶው ኋላ እቀመጣለሁ። «አብዮታዊ ሰላምታዬን እያቀረብኩ» የሚለውን ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ። አለቃችን አቶ ግርማ በየዓመቱ መጥቶ «የጸሐፊነት ሥልጠና መጥቷል፣ ማን ይሄዳል?» ሲል እኔ ጫማዬን አያለሁ። የሥራ ባልደረባዬ ፀዳለ ሳቂታ ናት፤

«ዘነቡን ተዉአት፤ እሷ የተመዘገበችው ከታይፕራይተሩ ጋር ነው። ንብረት ክፍል መጥቶ ቁጥር ይለጥፍባታል!» ትላለች።

ሁሉም ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ደረቴ ላይ ይቀመጣል።

ጎረቤቴ እማማ አስካለ ባልቴት ናቸው፤ የቡልጋ ሰው፤ ያሰቡትን ሳይናገሩ አያድሩም። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ የበራይ በሬ ሆንሽ እኮ! እዚያው በዚያው ስትዞሪ ልታረጂ ነው?»

«የበራይ በሬስ ሲዞር እህሉንም ይቅማል፣ እማማ» አልኳቸው።

ሳቁና «እንግዲያው ነዪ፣ ከእኛ ጋር ቅመሽ» ብለው በግድ የሚካኤል ጽዋ ማኅበራቸው ውስጥ አስገቡኝ። በየወሩ በአሥራ ሁለት አንዱ ቤት እንሰበሰባለን፤ አባ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ጠላው በጽዋው ይዞራል፤ በመጨረሻ ጽዋውን የሚቀጥለው ወር ደጋሽ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። እኔ ከጥግ ተቀምጬ ጠጥቼ እመለስ ነበር። ተራው ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ደረሰ። ያቺ ክፍል እኔ ከገባሁባት ጀምሮ እንግዳ አስተናግዳ አታውቅም።

«ወስጃለሁ» አልኩ። ድምፄ መሰማቱን እንጃ።

በደህናው ጊዜ ጽዋ የተቀበለ ሰው በእልልታ ይሸኛል። ያኔ ግን ተሰብስቦ መንገድ ላይ መታየት አያዋጣም። የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም ሰብሳቢያችን፣ «ተራ በተራ ውጡ» አለን። እማማ አስካለም ሌላ የሚጠይቁት ሰው ነበራቸው። ብቻዬን ወጣሁ።

እዚህ ላይ የአገሬን ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ አገር ጽዋ የያዘ ሰው ከደጋሹ ቤት ወጥቶ የራሱን ደጃፍ እስኪረግጥ አይናገርም። ሰላም ቢሉት ራሱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ አፉን አይከፍትም። እናቴ፣ መንገድ ላይ ቆማ ስላወራች አንዲት ሴት ትነግረን ነበር፤ ጽዋው ከእጇ አምልጦ ተሰበረ፣ በዓመቱም ቤቷ ተፈታ እያለች። አዲስ አበባ ይህን የሚያውቅ የለም። እኔ ግን እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። የዚያ ወር ደጋሽ ቤት ከሰፈሬ ራቅ ቢልም፣ አውቶቡስ ውስጥ ሰው እንዳያናግረኝ ብዬ በእግሬ ሄድኩ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በነጠላዬ ሸፍኜ፣ ደረቴ ላይ ይዣለሁ። ጸሎቴን በልቤ እላለሁ።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ሰፈሬ ልገባ ስል ቀበሌው አጠገብ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። አንዱን በመልክ አውቀዋለሁ። ሌላው ረጅም፣ አዲስ ሰው ነው።

«ቁሚ! ምንድን ነው የያዝሽው?» አለኝ ረጅሙ።

ራሴን ዝቅ አደረግሁ።

«አንቺን እኮ ነው!»

እንደገና ዝቅ አደረግሁ። አሁን ሳስበው እብደት ነው። የዚያን ሰዓት ግን መልስ መስጠት የሚባል ነገር አልታየኝም። ጨርቁን በጣቴ አሳየሁት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጠቆምኩት። ነገሩን አባባስኩት።

«ዲዳ ናት እንዴ?»

«የምን ዲዳ! ኅብረት ሱቅ ወረፋ ላይ ስትናገር ሰምቻታለሁ» አለ ያኛው።

ረጅሙ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። «እንዲያ ነው? ምላሷን ለአድኃሪ አከራይታው ይሆናላ! ወረቀት ነው የያዝሽው? ፈንጂ ነው? ቅደሚ!»

ቀደምኩ። ከኋላዬ የጫማው ድምፅ ይሰማኛል። ሰዎች ከየደጃፋቸው አይተውኝ ፊታቸውን አዞሩ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ሰው ሲወሰድ ሳይ ፊቴን ሳዞር ነው የኖርኩት። በልቤ «አደራ ሚካኤል፣ አደራ» እላለሁ። ከቀበሌው ግቢ የገባ ሁሉ እንደማይወጣ አውቃለሁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አጭር፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። እንደሚጮህ ሰው አያስፈራም፤ ከዚያ ይብሳል። ጠባቂው «አልናገርም ብላ ነው፣ ጓድ» አለው። ሊቀመንበሩ ስሜን ጠየቀኝ። ዝም። የት ውዬ እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ዝም። ከንፈሬ ተጣብቆ ቀርቷል። አሁን ልማዱ ይሁን ፍርሃቱ ያሰረኝ እኔም አላውቅም።

«ዝም ያለ ሰው የሚናገርበት ቦታ አለን» አለ ሊቀመንበሩ በዚያው በዝግታው።

ይህን ጊዜ የኅብረት ሱቁ ሻጭ አቶ ይመር የሱቁን ቁልፍ ሊያስረክብ ገባ። የወሎ ሰው ነው፣ እስላም። ስኳር ስገዛ «ቀጣይ!» ከማለቱ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። እኔን አየ፣ ጨርቁን አየ፣ ቆመ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ሴት ጽዋ የያዘች ትመስለኛለች። በእነሱ በኩል ጽዋ የያዘ ሰው አይናገርም።»

«አንተ እስላም አይደለህም? ስለ ጽዋ ምን አገባህ?»

«ጎረቤት ነኛ፣ ጓድ! አጥር ለአጥር ነው ያደግን። ጎረቤት የማያውቀው ምን ነገር አለ?»

ረጅሙ ጠባቂ ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «መናገር ትችላለች ማለት ነው። ትናገራ!»

አቶ ይመር ወደ እኔ ዞረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኅቱን እንደሚመክር ሰው፣

«እታለም፣ መልአኩ ዝም ስትይ የሚጠብቅሽ ከሆነ፣ ስትናገሪም አይጥልሽም» አለኝ።

ሰማሁት። አፌ ግን እምቢ አለ። ሊቀመንበሩ ታከተውና ለጠባቂው «ፍታው» አለው። ሰውየው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ እጁን ወደ ደረቴ ሰደደ። ጣቱ ጨርቁን ሲነካ፣

«ተው! እጅህን አንሣ!» የሚል ጩኸት ክፍሉን ሞላው።

ከእኔው አፍ የወጣ ነው፤ ማን እንደ ጮኸ ለማወቅ ግን እኔም ዞር ያልኩ ይመስለኛል። ጠባቂው እጁን ሰበሰበ። ጽዋው አልወደቀም። ይህን አስታውሳለሁ፤ ከሁሉ በፊት ያየሁት እጄን ነው፣ ጽዋው እጄ ላይ ነበር።

«እኔው እፈታዋለሁ» አልኩና ፈታሁት። ጥቁር የሸክላ ጽዋ ነው፣ አፉ ላይ ጥቂት የተሸረፈ። የጠላው ሽታ አልለቀቀውም። ጠረጴዛው ላይ ሳላስቀምጥ በእጄ እንደያዝኩ አሳየሁት።

ሊቀመንበሩ ወደ ውስጡ ተመለከተ። «ይህን ለመደበቅ ነው ይህ ሁሉ?»

«አልደበቅሁም። ያደግሁበት ልማድ ነው።»

«ከማን ተቀበልሽው? እነማን ናችሁ የምትሰበሰቡት?»

የፈራሁት ይህን ነበር። እማማ አስካለ ታዩኝ። ሙሴው ታየኝ፤ ልጁ ታስሮ በቅርቡ የተፈታለት ሰው ነው። አንድ ስም ብጠራ ሌሎቹ ተከትለው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ዝም ብል ደግሞ ወደዚያ ቦታ መወሰዴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ መጠጊያዬ ዝምታ ነበር፤ እዚያች ክፍል ውስጥ ግን የሚያስበላኝ እሱው ሆነ።

«የሰው ስም አልጠራም፣ ጓድ» አልኩት። «እርስዎ ግን ለሚቀጥለው ሚካኤል እቤቴ ይምጡ። ደጋሿ እኔ ነኝ። በሩ ክፍት ነው። ስማቸውን ራሳቸው ይነግሩዎታል።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አቶ ይመር ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀመንበሩ ብዙ አየኝና፣

«እንመጣለን። በሩ ተዘግቶ ካገኘነው ግን በሌላ በር እናገኝሻለን» አለና ለቀቀኝ።

ቤቴ ደርሼ ጽዋውን መደርደሪያው ላይ ካኖርኩ በኋላ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እማማ አስካለ ሲመጡ ሁሉን ነገርኳቸው። እጃቸውን በአፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጅብ እንግዳ ጠርተሽ መጣሽ! ምነው ልጄ፣ እንደ ሰው ዋሽተሽ ብትመጪ!»

«እንዴት ልዋሽ እማማ፣ ጽዋውን ይዤ?»

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ።

ያ ወር አላልቅ አለኝ። መኪና ደጃፌ ላይ ሲያዘግም መብራቱን አጠፋለሁ። ቢሮ እጄ ታይፑ ላይ ይደርቃል። ለማኅበርተኛው ሁሉ እየዞርኩ ነገርኩ፤ መቅረት የፈለገ እንዲቀር፣ እንደማልቀየም። አንዳንዱ በሩን ከፈት አድርጎ ሰምቶኝ ወዲያው ዘጋው። ሙሴው «አንቺ ምን ታደርጊ» አለኝና አንገቱን ደፋ። እንደሚመጣም እንደሚቀርም አልነገረኝም።

የሚካኤል ዕለት ፈቃድ ጠየቅሁ። ፈቃድ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ስለነበር አቶ ግርማ ደንግጦ «ለቅሶ ነው?» አለኝ። «ድግስ ነው» አልኩት። ፀዳለ ከታይፕራይተሯ ቀና ብላ አየችኝ።

ጠላው ደርሷል፣ ዳቦው ተጋግሯል፣ በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ማንም የለም። ነፋሱ መጋረጃውን ባነሣው ቁጥር ብድግ እላለሁ። በኋላ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ፤ እማማ አስካለ ናቸው። «እኔስ ምን ቀረኝ፣ የሚወስዱት ይኼን የዞረ ራስ ነው» እያሉ ገቡ። አባ ተከተሉ። ከዚያ ሙሴው ከነሚስቱ መጣ። ከማኅበሩ እኩሌታው እንኳ አልሞላም፤ እኔ ግን ቤቱ የጠበበኝ ያህል ሆነብኝ።

አባ «በስመ አብ» ሲሉ ሊቀመንበሩና ረጅሙ ጠባቂ ገቡ።

ሁላችንም ቆምን። ሊቀመንበሩ «ቀጥሉ» ብሎ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ጠባቂው ቆሞ ቀረ። አባ ጸሎቱን ጀመሩ፤ ድምፃቸው ሁለት ቦታ ተቆረጠ። ጸሎቱ አልቆ ዳቦው ሲቆረስ ለሊቀመንበሩ ሰጠሁት፤ ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አኖረው፣ አልቀመሰም። ከዚያ፣

«ስማችሁን ራሳችሁ ትነግሩኛላችሁ ተብያለሁ» አለ።

ያመጣሁባቸው እኔ ነኝ። ሙሴው ሚስቱን አየ። እማማ አስካለ ግን ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣

«ወለተ ሥላሴ» አሉ።

በማኅበራችን ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ያልተመካከርንበት ልማድ። ሙሴው ቀና አለ። «ኃይለ ጊዮርጊስ» አለ። ሚስቱ «ወለተ ማርያም» አለች። እኔ «ወለተ ኪዳን» አልኩ። ውሸት የለበትም፤ ሁላችንም በመልአኩ ፊት የምንጠራበት ስም ነው። ቀበሌው ግን በዚያ ስም የሚያውቀው ሰው የለም።

አባ ዕድሜ ተጫጭኗቸዋል። እየዞረ የመጣውን ስም በተርታ ሲቀበሉ ቆይተው፣ ሳያስቡት ወደ በሩ ዞሩና ሊቀመንበሩን፣

«ያንተስ፣ ልጄ?» አሉት።

ጠባቂው ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ሊቀመንበሩ ዳቦውን ከጉልበቱ አንሥቶ ያዘ። እኔ በዚያ ክፍል ፊቱ የቆምኩት አቋቋም ትዝ አለኝ፤ አሁን ዝም ያለው እሱ ነው። ከዚያ ተነሣ። ለጠባቂው «ፖለቲካ የለበትም። ሂድ፣ እደርስብሃለሁ» አለው። ሰውየው ወጣ።

ደጃፉ ላይ ልሸኘው ስወጣ ፊቱን ሳያዞርልኝ፣

«እናቴ ታማለች። ወለተ ሐና ናት። ስሟን ጥሩልኝ» አለና ሄደ። ዳቦውን ይዞት ነው የሄደው።

ስመለስ ጽዋውን የሚቀበል ጠፋ። እማማ አስካለ ዙሪያውን ተመለከቱና፣

«ወዲህ በዪው። ቤቴ አጥር ለአጥር ነው፤ የአንቺን ልማድ እንኳ ብጠብቅ ሳልናገር የምቆየው እስከዚያ ነው፣ እሱን እችላለሁ» አሉ። የሳቅነው ሳቅ ከልቅሶ አይለይም ነበር።

በማግስቱ ኅብረት ሱቅ ሄጄ አቶ ይመርን ላመሰግነው አፌን ስከፍት «ወረፋሽን ጠብቂ፣ እታለም» አለኝ። ወረፋዬ ደርሶ ስኳሩን ሲያቀብለኝ ግን በዓይኑ ሳቀ። በዚያው ዓመት አቶ ግርማ «ሥልጠና ማን ይሄዳል?» ሲል እጄን አወጣሁ። ሁሉም ዞሮ ሲያየኝም አላወረድኩትም። ፀዳለ «ንብረት ክፍል ይጠራ፣ ዕቃ ተንቀሳቀሰ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ታይፕራይተር ኋላ የተነሣሁት እንዲያ ነው። ኋላም ሥራ ቀየርኩ፣ ሰፈርም ቀየርኩ፤ ማኅበሩን ግን አልለቀቅሁም።

ሊቀመንበሩን ከዚያ ወዲያ ብዙ አላየሁትም። ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ያሉ አሉ፤ እሱም በተራው ተወሰደ ያሉም አሉ። የሠራውን ሁሉ አላውቅም፤ የሰማሁት ግን ክፉ ነው። እሱን ሳስብ ዛሬም እፈራዋለሁ።

ፍርሃት አልተወኝም፤ እንደተወኝ ብናገር ውሸት ነው። ጽዋ ይዤ ስሄድ ዛሬም አልናገርም፤ እናቴ ያሳደገችኝ እንዲያ ነው። የሚጠይቀኝ ሰው ከመጣ ግን ቆሜ እመልስለታለሁ።

በየወሩ በአሥራ ሁለት የወለተ ሐናን ስም እሰጣለሁ። አባ ካረፉ በኋላ የመጡት ወጣት ቄስ መጀመሪያ ስሰጣቸው «በሕይወት ካሉት ጋር ልጥራቸው ወይስ ካረፉት?» አሉኝ።

«አላውቅም፣ አባቴ» አልኳቸው።

ከሁለቱም ጋር ይጠሯታል።